ለድረ ገጽ ዲዛይን ቡድን የሚሆን የተደራሽነት መመሪያ፦ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር?

ንድፈኛ (ክሩን የከፈቱ)

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ አባላት።

አዲስ አበባ ውስጥ ለመሥሪያ ቤቶች፣ ለድርጅቶችና ለንግድ ተቋማት ድረ ገጽ በሚሠራ አነስተኛ ቡድን ውስጥ በዲዛይነርነት እሠራለሁ። ማየት ወይም መስማት የተሳናቸው፣ እጃቸውን እንደ ልብ ማዘዝ የማይችሉ፣ እንዲሁም ረጅም ጽሑፍ ማንበብ የሚከብዳቸው ሰዎች የምንሠራቸውን ገጾች በራሳቸው እንዲጠቀሙባቸው የሚያስችል የተደራሽነት መመሪያ ለቡድናችን ለመጻፍ ተስማምተናል። ረቂቁን የማዘጋጀት ኃላፊነት የተሰጠው ለእኔ ስለሆነ አስተያየታችሁን ሽቼ ነው ይህን ክር የከፈትኩት።

መነሻው አከራካሪ አይደለም። የዎርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሰርቲየም የሚያወጣው የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ፣ በተለምዶ ዊካግ የምንለው፣ የመጀመሪያ እትሙ እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ፤ 2.0 በ2008፣ 2.1 በ2018፣ 2.2 ደግሞ በ2023 ተከተሉ። የመጨረሻው እትም ከቀላሉ ወደ ጥብቁ ኤ፣ ድርብ ኤ እና ሦስት ኤ በሚባሉ ደረጃዎች የተመደቡ 86 መመዘኛዎች አሉት። ይሁን እንጂ ሰነዱ የተደራጀው በአራት መርሆች ሥር ስለሆነ፣ ቀለም የሚመርጥ ዲዛይነር ወይም ዜና የሚጭን የይዘት አዘጋጅ የሚመለከተውን መመዘኛ ከየምዕራፉ ለቅሞ ማውጣት ይኖርበታል፤ በሥራ ጥድፊያ መካከል ደግሞ ማንም ቁጭ ብሎ አይለቅምም።

ዌብኤም የተባለው ተቋም በየዓመቱ የአንድ ሚሊዮን ድረ ገጾችን መነሻ ገጽ በሶፍትዌር ይመረምራል። እ.ኤ.አ. በ2025 ባደረገው ምርመራ ከገጾቹ 94.8 በመቶ በሚሆኑት ላይ በመሣሪያ ሊታወቅ የሚችል ጉድለት ተገኝቷል። ከሁሉ ይልቅ ትኩረቴን የሳበው ግን ከተገኙት ጉድለቶች 96 በመቶ ያህሉ በስድስት ዓይነት ብቻ መጠቃለላቸው ነው፦ ደካማ የቀለም ንፅፅር፣ አማራጭ ጽሑፍ (ምስሉን በቃል የሚገልጽ) የሌለው ምስል፣ ሌብል (የሳጥኑ መጠሪያ) የሌለው የቅጽ ሳጥን፣ ባዶ ሊንክ፣ ባዶ በተን (የሚጫን ቁልፍ) እና ቋንቋው ያልተገለጸ ገጽ። እነዚህ ሁሉ ገና ሥራው ሲጀመር በቀላሉ ሊወገዱ የሚችሉ ናቸው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ መመሪያው ከሁለት ገጽ ሳይበልጥ በሥራ ድርሻ ይከፈል፣ እያንዳንዱ ደንብም ማን እንደሚፈጽመውና በምን እንደሚረጋገጥ አብሮ ይግለጽ የሚል ነው። ጥያቄዬ ሁለት ነው። በግዕዝ ፊደል ለሚጻፍ ገጽ ዊካግ ያልነገረን፣ እኛ ግን መጨመር ያለብን ምንድን ነው? ከረቂቁስ ምን ቢቀር ይሻላል?

ጆሮ_አንባቢ

ሐሳቡን ስላነሱት አመሰግናለሁ። ዓይነ ስውር የሕግ ባለሙያ ነኝ፤ በኮምፒውተር ኤንቪዲኤ፣ በስልክ ቶክባክ የተባሉትን ስክሪን ሪደሮች (በገጹ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነቡ ሶፍትዌሮች) እጠቀማለሁ። ለመጀመሪያ ጥያቄዎ ከተጠቃሚ ወገን ሆኜ ልመልስ።

ከሁሉ በፊት ቋንቋው በኮዱ ውስጥ ይገለጽ። ከውጭ ተገዝተው የሚመጡ ቴምፕሌቶች ብዙውን ጊዜ እንግሊዝኛ ተብለው የተመዘገቡ ናቸው፤ ጽሑፉ ወደ አማርኛ ሲቀየር ያንን አንድ መስመር የሚያስታውስ ሰው አይገኝም። በዚህ ጊዜ ስክሪን ሪደሩ የእንግሊዝኛ ድምፅ ይዞ የግዕዝ ፊደላቱን እንደየድምፁ ዓይነት ወይ በዝምታ ያልፋቸዋል፣ ወይ ትርጉም የሌለው ነገር ይናገርባቸዋል። ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነፃ የንባብ ድምፅ አማርኛን ያነባል፤ ከኤንቪዲኤ ጋርም አብሮ ይመጣል። ድምፁ የማሽን ነው፤ ለለመደው ሰው ግን በፍጥነት ለመስማት አያስቸግርም። ማይክሮሶፍት በኢንተርኔት በኩል የሚያቀርባቸው መቅደስና አምሃ የተባሉት የአማርኛ ድምፆች ደግሞ ከዚያ በጣም የተሻሉ ናቸው። እነዚህ ሁሉ የሚጠቅሙት ግን ገጹ አማርኛ መሆኑን ራሱ ሲናገር ነው። በአማርኛ ገጽ መካከል የኦሮምኛ፣ የትግርኛ ወይም የእንግሊዝኛ አንቀጽ ካለም እሱ ለብቻው ምልክት ሊደረግበት ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ የሰነድ ነገር ነው፤ በአገራችን ዓይነ ስውራንን ከምንም በላይ የሚያስቸግረው እርሱ ይመስለኛል። የቅጥር ማስታወቂያ፣ የጨረታ ጥሪና መመሪያ የሚለጠፈው ማኅተምና ፊርማ ያረፈበት ወረቀት ስካን ተደርጎ ነው። ለስክሪን ሪደር ይህ ባዶ ሥዕል ነው። መሥሪያ ቤቶች ይህን የሚያደርጉት ማኅተም የሌለው ጽሑፍ እምነት አይጣልበትም ብለው ስለሆነ፣ ስካን አታድርጉ ብሎ መከልከል ብቻውን አይሠራም። የሚሠራው ሙሉ ቃሉን በገጹ ላይ በጽሑፍ ማስፈርና ማኅተም ያለበትን ቅጂ ከሥሩ ማያያዝ ነው። እንዲህ ሲሆን ተቋሙም ማስረጃውን አያጣም፣ እኛም እናነባለን፣ በጉግል የሚፈልግም ሰው ያገኘዋል።

በዚሁ ላይ የድሮ ፎንቶች ጣጣ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ኮድ የሚሰጠው ደረጃ) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በነበሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ለዓይን አማርኛ ይምሰል እንጂ በውስጡ ያለው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ኮድ ነው። ስክሪን ሪደሩም የሚያነበው ያንን ዝባዝንኬ ነው። መለያው ቀላል ስለሆነ መመሪያው ውስጥ ይግባልኝ፦ ከሰነዱ አንድ መስመር ገልብጣችሁ በስልካችሁ የመልእክት መጻፊያ ላይ ለጥፉት፤ አማርኛ ሆኖ ከወጣ ደህና ነው፤ ካልሆነ ሰነዱ በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ ወይም መለወጥ አለበት።

ጥቃቅን የሚመስሉ፣ ለጆሮ ግን የሚያሰለቹ ነገሮችም አሉ። በአራት ነጥብ ፈንታ የላቲኑን ሁለት ነጥብ ደጋግሞ መጻፍ አንዱ ሲሆን፣ «መ/ቤት»፣ «ጽ/ቤት»፣ «ጠ/ሚ» እያሉ በእዝባር (/) ማሳጠር ሌላው ነው። ድረ ገጽ ላይ ቦታ አይጠብም፤ ቃሉ ሙሉውን ቢጻፍ ምን ይጎዳል?

ፊደል_ቀራጭ

ከጆሮ_አንባቢ በኋላ ስለ ዓይን መናገር የእኔ ተራ ይሁን። ሥራዬ የግዕዝ ፎንት ንድፍ ነው።

የዊካግ የንፅፅር ደንብ (የጽሑፉና የጀርባው ብሩህነት ልዩነት) ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልልቅ ጽሑፍ፣ ለአይከንና ለሳጥን ጠርዝ ደግሞ 3 ለ1 ይላል። ደንበኞቻችን የሰንደቅ ዓላማውን ቀለማት አብዝተው ስለሚወዱ በዚህ ደንብ ብንመዝናቸው ይጠቅማል። ንጹሕ ቢጫ በነጭ ላይ 1.07 ለ1 ነው፤ የለም ማለት ይቻላል። ንጹሕ ቀይ በነጭ ላይ 4 ለ1 ስለሆነ ለርዕስ ቢያልፍም፣ ሁላችንም ለምንጽፍበት ለትንሿ የስህተት መልእክት አያልፍም፤ ጠቆር ያለ ቀይ መውሰድ ያስፈልጋል። ቢጫው በጥቁር ላይ ሲሆን ግን ከ19 ለ1 ይበልጣል። ስለዚህ ቢጫን ለጀርባና ለጌጥ እንጂ በነጭ ላይ ለጽሑፍ አትጠቀሙ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። ዲዛይነሮች ለሚወዱት ግራጫ ደግሞ ድንበሩ እጅግ ቀጭን ነው፦ 767676 የተባለው የቀለም ኮድ በነጭ ላይ 4.54 አግኝቶ ሲያልፍ፣ ለዓይን ልዩነት የሌለው 777777 በ4.48 ይወድቃል። ይህ ጉዳይ በግምት እንደማይሠራ ማስረጃ የሚፈልግ ካለ ይኸው።

ዊካግ ወዳልነገረን ነገር ልምጣ። የፊደላችን ልዩነት ያለው በጥቃቅን ቅጥያዎች ላይ ነው። «ሉ» እና «ሊ» የሚለያዩት ቅጥያው ወገብ ላይ ወይም እግር ሥር በመሆኑ ነው፤ «ሊ» እና «ሌ» ደግሞ እግር ሥር ያለው ሰረዝ ወይም ቀለበት በመሆኑ። በ12 ወይም በ13 ፒክሰል፣ በቀጭን ፎንት፣ በፀሐይ ላይ በተያዘ ርካሽ ስልክ ይህ ልዩነት ይጠፋል፤ እይታው የደከመ አንባቢ ይቅርና ጤነኛ ዓይን ያለውም በግምት ያነባል። በመሆኑም የእኔ ምክር፣ ይህ የዊካግ ሳይሆን የእኔ ነው፣ የአማርኛ የገጽ ጽሑፍ ከ18 ፒክሰል አይነስ፣ የመስመር ክፍተቱ ቢያንስ 1.5 ይሁን፣ ለትልልቅ ጽሑፍ የተፈቀደውን የ3 ለ1 ቅናሽም ለአማርኛ አንጠቀምበት የሚል ነው።

ዘመም ያለ ጽሑፍ በግዕዝ አትጠቀሙ። ፎንቱ ውስጥ ስለሌለ ብራውዘሩ ፊደሉን በግድ ያጋድመውና ቅጥያዎቹ ይደባለቃሉ። ማጉላት ሲያስፈልግ ደመቅ ያለ ፊደል ይበቃል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ንድፍ ፊግማ በተባለው የንድፍ መሥሪያ ላይ ሲሠራ በአጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት ይሞላና አማርኛው በመጨረሻ ይገባል። ቁመቱ የተቆለፈ በተን ያን ጊዜ ፊደሉን ከላይና ከታች ይቆርጠዋል፤ ተጠቃሚው ጽሑፉን ወደ 200 በመቶ ሲያሳድገው ደግሞ ጭራሽ አይነበብም። ዊካግ ገጹ ወደ 320 ፒክሰል ስፋት ሲጠብ ወደ ጎን መጎተት ሳያስፈልግ እንዲነበብ ይጠይቃል። ከመጀመሪያው ቀን በእውነተኛ አማርኛ፣ ያውም ከሁሉ በረጅሙ ቃል፣ ንድፋችሁን ፈትኑት።

ግንባር_ኮድ

እስካሁን በተባለው እስማማለሁ፤ በንድፈኛ ዋና ሐሳብ ላይ ግን ተቃውሞ አለኝ። ሁለት ገጽ መመሪያ ያለው ቡድን ውሎ አድሮ ተደራሽነት ማለት እነዚያ ሁለት ገጾች ናቸው ብሎ ያምናል። ስድስቱ ጉድለቶች የበዙት በሶፍትዌር ለመቁጠር ስለሚመቹም ነው። በኪቦርድ ብቻ የማይከፈት ሜኑ፣ ሲከፈት ተጠቃሚውን ከውስጥ ቆልፎ የሚያስቀር መስኮት፣ እየተንሸራተተ የማይቆም የምስል ተርታ በዚያ ቆጠራ ውስጥ የሉም፤ ሰውን ከገጹ አባርረው የሚያስወጡት ግን እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ግዴታው ሙሉው የዊካግ 2.2 ድርብ ኤ ይሁን፤ ሁለቱ ገጾች ወደዚያ ማድረሻ መንገድ መሆናቸው በግልጽ ይጻፍ።

በኮድ በኩል የምጨምረው አንድ ትልቅ ነገር ነው። ደንብን ለሰው ትዝታ አትተዉት፤ ኮምፖነንት (አንዴ ተሠርቶ በየገጹ የሚደገም የገጽ ክፍል) ውስጥ ቅበሩት። ቡድኑ አንድ የጋራ በተን፣ አንድ የቅጽ ሳጥን፣ አንድ ብቅ ባይ መስኮትና አንድ ሜኑ ካለው፣ እነዚህ አንዴ በትክክል ከተሠሩ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ገጽ ሁሉ ይወርሳቸዋል። ሌብል ያልተሰጠው የቅጽ ሳጥን ገና ሲገነባ ስህተት ብሎ እንዲቆም ማድረግ ይቻላል። ዲዛይነሩም ከዚያ ስብስብ ውጭ አዲስ ነገር ሲፈጥር የማስረዳት ኃላፊነት የእሱ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ኤችቲኤምኤል ራሱ ያዘጋጀውን ተጠቀሙ። በዲቭ (ምንም ትርጉም በሌለው ተራ የኤችቲኤምኤል ሳጥን) የተሠራ በተን ለዓይን በተን ነው፤ በታብ ቁልፍ ግን አይደረስበትም፣ በኢንተር አይሠራም፣ ስክሪን ሪደርም በተን መሆኑን አይናገርም። በዲቩ ላይ የኤሪያ ምልክቶችን (ለስክሪን ሪደር ማብራሪያ የሚሰጡ የኮድ ምልክቶችን) እየደራረቡ ይህን ለማካካስ ከመሞከር እውነተኛውን በተን መጠቀም ይቀላል። የተሳሳተ ኤሪያ ጨርሶ ከሌለው የከፋ መሆኑን የኤሪያ አዘጋጆች ራሳቸው ይመክራሉ። በፎከስ (ኪቦርዱ አሁን ባለበት ቦታ) ዙሪያ የሚታየውን መስመር «ያስጠላል» ብሎ ማጥፋትም በመመሪያው ይከልከል፤ በኪቦርድ ለሚሄድ ሰው የት እንዳለ የሚነግረው እሱ ብቻ ነው። ቅርፁ ካልተወደደ አሳምሩት እንጂ አታጥፉት።

የሚነኩ ነገሮች ስፋት በ2.2 ድርብ ኤ ቢያንስ 24 በ24 ፒክሰል ነው፤ 44 በ44 ያለው የሦስት ኤ መመዘኛ ነው። አብዛኛው ተጠቃሚያችን በስልክ የሚገባ ስለሆነ ለዋና ዋና በተኖች 44ቱን ውሰዱ።

ጀማሪ_ዲዛይነር

ይቅርታ፣ ከባለሙያዎች መካከል ገብቼ ልጠይቅ። አንድ ደንበኛችን በገጹ ጥግ ላይ የዊልቸር ምልክት ያለው፣ ሲነካ ፊደል የሚያሳድግና ቀለም የሚቀይር ዝግጁ መሣሪያ እንድንጭንለት ጠይቋል። አንድ መስመር ኮድ ብቻ ስለሆነ አለቃዬ ይህ ከተጫነ መመሪያም አያስፈልግም ይላል። እውነት ነው?

ከሐይፋ

እህቴ ወይም ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ ለመመለስ እኔ ካለሁበት አገር የተሻለ ቦታ የለም። በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የአገልግሎት ተደራሽነት ደንብ መሠረት ድረ ገጾች በዊካግ 2.0 ድርብ ኤ ላይ የተመሠረተውን የአገሪቱን 5568 ቁጥር ደረጃ እንዲያሟሉ ይጠበቃል፤ ሕጉም ጉዳት ደረሰብኝ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልግ ካሳ የሚያስወስን ነው። በዚህ ምክንያት ያች የዊልቸር ምልክት የሌለችበት የዕብራይስጥ ገጽ ማግኘት ይከብዳል። ብዙ ጊዜ ግን ምልክቷ አለች፣ ሥሩ ያለው ገጽ እንደነበረው ነው።

ነገሩ ግልጽ ነው። መሣሪያው ፊደል ያሳድጋል፤ ብራውዘሩም ስልኩም ይህን ድሮውንም ያደርጉታል። ስካን የተደረገን ሰነድ ወደ ጽሑፍ አይለውጥም፤ ሌብል ለሌለው ሳጥን ትክክለኛውን ሌብል አያውቅም፤ ስክሪን ሪደር ላለው ሰው ደግሞ ከራሱ መሣሪያ ጋር ሲጋጭበት ይታያል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2025 አክሰሲቢ የተባለውን የዚህ መሣሪያ አቅራቢ ማንኛውንም ገጽ ዊካግን እንዲያሟላ ያደርጋል በሚለው ማስታወቂያው ምክንያት አንድ ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጓል። ለአለቃዎ ይህን ያሳዩልኝ።

ለንድፈኛም ከዚህ አገር የማውቀውን አንድ ነገር ልጨምር። የዕብራይስጥ ገጽ ላይ የአማርኛ ትርጉም ሲጫን፣ ገጹ ከቀኝ ወደ ግራ እንዲሄድ የተሰጠው ትእዛዝ ወደ አማርኛው ይወረሳል። ፊደሎቹ ከግራ ወደ ቀኝ ቢሄዱም ጽሑፉ ወደ ቀኝ ይጠጋል፤ የጥያቄ ምልክትና ቅንፍ ከዓረፍተ ነገሩ ማለቂያ ወጥተው መጀመሪያው ላይ ይሰፍራሉ። በዐረብኛ ገጽ ላይም እንዲሁ ነው። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ለእስራኤል የሚሠራ ቡድን ቋንቋን ሲገልጽ አቅጣጫንም አብሮ ይግለጽ።

ውል_አርቃቂ

የፕሮጀክት አስተዳዳሪ ነኝ። ደንበኛ «ይህ የማን ግዴታ ነው?» ሲል የሚሰጠው መልስም መመሪያው ውስጥ መኖር አለበት።

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 9 ደግሞ ኢንተርኔትን ጨምሮ የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂን ተደራሽነት በግልጽ ይጠቅሳል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 ለሕዝብ አገልግሎት የሚሠሩ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ አዝዟል። መሥሪያ ቤቱ ለደረጃው መወጣጫ ሠርቶ አገልግሎቱን ወደ ኢንተርኔት ካዛወረና ገጹን ከዘጋው፣ ኮንቬንሽኑን ፈጸመ ማለት ይቸግራል። ይህን ክርክር ለመንግሥት ደንበኞች በጽሑፍ ሳቀርብ ሰሚ አግኝቻለሁ።

ለውጭ ደንበኛ ለሚሠሩ ቡድኖች ጉዳዩ ከዚህ የጠነከረ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የ2019/882 መመሪያ እ.ኤ.አ. ከጁን 28 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ስለዋለ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሱቅና ለግለሰቦች የሚሰጥ የባንክ አገልግሎት ተደራሽ መሆን ግዴታቸው ነው፤ ከ10 ያነሱ ሠራተኞች ያሏቸውና ዓመታዊ ገቢያቸው ወይም የሒሳብ ሚዛናቸው ጠቅላላ ድምር ከ2 ሚሊዮን ዩሮ የማይበልጥ አገልግሎት ሰጪዎች ነፃ ናቸው። ስለዚህ እዚህ ተቀምጦ ለበርሊን ሱቅ ገጽ የሚሠራ ሰው ተደራሽነትን እንደ ትሩፋት ሊያየው አይችልም።

ውሉ ላይ ደረጃው በቁጥር ይጻፍ፤ «ለሁሉም ምቹ» የሚል አይጻፍ። የመጨረሻው የክፍያ ድርሻም የሚለቀቀው የተደራሽነት ፍተሻው ካለፈ በኋላ ይሁን።

አርታኢት

የይዘት ክፍሉ አጭር ቢሆን እመርጣለሁ፤ ረጅሙን ዜና ጫኚው አያነበውም። የስብሰባ ፎቶ ላይ «ፎቶ 1» ወይም የፋይሉን ስም መተው ክልክል ይሁን፤ አማራጭ ጽሑፉ ምስሉ እዚያ ለምን እንደተቀመጠ ይናገር። ለጌጥ ብቻ የገባ ምስል አማራጭ ጽሑፉ ሆን ተብሎ ባዶ ይደረግ፤ ያን ጊዜ ስክሪን ሪደሩ ያልፈዋል። ሊንክ ሁሉ «እዚህ ይጫኑ» ከተባለ ሊንኮችን በዝርዝር አውጥቶ ለሚሰማ ሰው ሃያ ጊዜ አንድ ነገር መስማት ነው፤ «የ2017 የመግቢያ መስፈርት» ይባል። ርዕስ የሚደረገው ፊደል በማሳደግ ሳይሆን እውነተኛውን የርዕስ ደረጃ በመስጠት ነው፤ ምክንያቱም ስክሪን ሪደር ተጠቃሚ ከርዕስ ወደ ርዕስ በአንድ ቁልፍ እየዘለለ ነው ገጹን የሚቃኘው።

ስለ ቪዲዮ እስካሁን አልተነሳም። በሥሩ የሚሄድ ጽሑፍ ግዴታ ነው፤ በማሽን የወጣ ከሆነም በሰው ይታረም። ነገር ግን ለብዙ መስማት የተሳናቸው ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያ ቋንቋቸው የራሱ ሰዋስው ያለው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ነው፤ የተጻፈ አማርኛ ሁለተኛቸው ነው። የጤናና የአደጋ ጊዜ መልእክት፣ እንዲሁም የመብት ጥያቄ ላይ የምልክት ቋንቋ ቪዲዮ ቢጨመር እላለሁ። ዊካግ ይህን በሦስት ኤ ነው ያስቀመጠው፤ እኛ ለእነዚህ መልእክቶች ብቻ ከፍ እናድርገው።

ንድፈኛ

እጅግ አመሰግናለሁ። የግንባር_ኮድን ተቃውሞ ተቀብያለሁ፤ ግዴታው ሙሉው ድርብ ኤ እንደሆነ በመግቢያው ይጻፋል፤ ሁለቱ ገጾችም ሦስት መሆናቸው አይቀርም። የቀረኝ የቅጽ ክፍል ነው። ቀን፣ ስልክ ቁጥርና በኤስኤምኤስ የሚላክ የማረጋገጫ ኮድ ላይ የሠራችሁበት ካላችሁ ብትረዱኝ።

ግንባር_ኮድ

የብራውዘሩ የቀን መምረጫ በግሪጎሪያን አቆጣጠር ነው የሚሠራው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሠሩት ዝግጁ መምረጫዎች ደግሞ፣ ካየኋቸው አብዛኞቹ፣ በኪቦርድ አይሄዱም። ለልደት ቀን ከሁሉ የሚሻለው ቀን፣ ወርና ዓመት የሚጻፍባቸው ሦስት ተራ ሳጥኖች ማስቀመጥና የየትኛው አቆጣጠር መሆኑን በርዕሱ ላይ መጻፍ ነው። 13ኛ ወር እንዲቀበል፣ ጳጉሜን 6 ላይም ስህተት ነው እንዳይል ማረጋገጥ የኮድ ጸሐፊው ኃላፊነት ነው። የጳጉሜን ልጆች አሉ።

ስልክ ቁጥር በ09ም፣ በ07ም፣ በ251ም ሲጻፍ ይቀበል፤ ባዶ ቦታ ቢገባበትም ሥርዓቱ ራሱ ያጽዳው። በሳጥኑ ውስጥ ደብዝዞ የሚታይ ጽሑፍ ለሌብል አይበቃም፤ ሰው መጻፍ ሲጀምር ይጠፋል። የስህተት መልእክት በቀይ ጠርዝ ብቻ አይገለጽ፤ ከሳጥኑ አጠገብ ምን እንደተሳሳተና እንዴት እንደሚታረም በቃል ይጻፍ፤ ከሳጥኑ ጋርም በኮድ ይያያዝ።

የማረጋገጫ ኮዱን በስድስት የተለያዩ ሳጥኖች መከፋፈል ይቅር። በቶክባክ ለሚሠራ ሰው ስድስት ሳጥን ማለት ስድስት ጊዜ መፈለግ ማለት ነው። አንድ ሳጥን፣ መለጠፍ የሚፈቅድ፣ ስልኩም ከመልእክቱ ራሱ እንዲሞላው የተፈቀደ ይሁን። ዊካግ 2.2 በማረጋገጫ ጊዜ ተጠቃሚው ነገር በቃሉ እንዲይዝ ወይም እንዲገለብጥ ማስገደድን የሚከለክል መመዘኛ ጨምሯል። የጊዜ ገደብ ካለም ከማለቁ በፊት አስጠንቅቆ በአንድ ንክኪ ማራዘም የሚቻልበት መንገድ ይኑር።

ንድፈኛ

ይህ ሁሉ ገብቷል። የፍተሻው አንቀጽ አሁን እንዲህ ይነበባል፦

«ማንኛውም ገጽ ከመለቀቁ በፊት ዲዛይነሩ የቀለም ንፅፅርን በመሣሪያ ይለካል፤ ኮድ ጸሐፊው አክስ ወይም ዌቭ በተባለው የተደራሽነት መፈተሻ ሶፍትዌር ይፈትሻል፣ ከዚያም ማውሱን ነቅሎ ዋና ዋና ተግባራትን በኪቦርድ ብቻ ይፈጽማል፤ የይዘት አዘጋጇ ከእያንዳንዱ ከተያያዘ ሰነድ አንድ መስመር ገልብጣ ትለጥፋለች። ከዚህ በኋላ ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰው ገጹን ይፈትሻል።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ለመፈጸም ከኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ጋር ለመነጋገር አስበናል። ጆሮ_አንባቢ፣ ይህን እንዴት ያዩታል?

ጆሮ_አንባቢ

ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሁለት ማሻሻያ ግን እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ፍተሻው ገጹ ካለቀ በኋላ ከሆነ የምናገኘውን ጉድለት የሚያስተካክል ጊዜም በጀትም አይኖርም፤ «በሚቀጥለው እትም» ይባልና ያልፋል። ንድፉ ከመጽደቁ በፊት በናሙናው ላይ አንድ ጊዜ፣ ከመለቀቁ በፊት ደግሞ ሌላ ጊዜ ይደረግ። ሁለተኛ፣ ፈታሹ እንደማንኛውም ባለሙያ ይከፈለው፤ ክፍያውም ከመጀመሪያው በፕሮጀክቱ ዋጋ ውስጥ ይታሰብ።

አፈታተሹን በተመለከተ ደግሞ «እስቲ ገጹን ይዩልን» አትበሉ። እንዲህ ሲባል ሁላችንም በይሉኝታ «ጥሩ ነው» እንላለን። ሥራ ስጡት፦ የቅጥር ማስታወቂያውን ፈልጎ የማመልከቻ ማብቂያ ቀኑን ይንገራችሁ፤ ቅጹን ሞልቶ ይላክ፤ ሆን ብሎ የተሳሳተ ስልክ ቁጥር አስገብቶ ስህተቱን ያርም። አንዱን በኤንቪዲኤ፣ ሌላውን ተራ አንድሮይድ ስልክ ላይ በቶክባክ ይሥራ። እናንተ ከጎኑ ተቀምጣችሁ የት እንደቆመ፣ የት ወደ ኋላ እንደተመለሰ ጻፉ እንጂ በተኑ ወዴት እንዳለ አትንገሩት።